የጋሽ ታፈሰ ሃያ ፊደሎች

ባለፈው ሰሞን ፒያሳ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቶ የተቀመጠ ማመልከቻ ጻፊ በሁለት ወረቀት መሃል ካርቦን ሲያስገባ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ያ ሰም ሰም የሚል ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ የተሰማኝ ናፍቆት ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። ንድድ አልኩ። ከሞቱ ሠላሳ ዓመት አልፏቸው በካርቦን ሽታ የሚያናድዱኝ ሰው ጋሽ ታፈሰ ብቻ ናቸው።

ሠራተኛ ሰፈር የአንድ ግቢ ጎረቤታችን ነበሩ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በአንድ መሥሪያ ቤት ምድር ቤት ተቀምጠው ቴሌግራም በምሥጢር ፊደል ይጽፉ፣ የመጣውንም ይፈቱ ነበር። ጣቶቻቸው ጫፍ ላይ የካርቦን ሰማያዊ አይጠፋም፤ የመነጽራቸው አንድ እጀታ በክር የታሰረ፣ ሹራባቸው ክረምት ከበጋ ያው ቡናማው ነው። ልጅ ስላልነበራቸው ይሁን ሥራው ናፍቋቸው እንጃ፣ አሥር ዓመት ሲሞላኝ ባለ ካሬ ደብተር ገዝተውልኝ ትምህርት ጀመርን።

መጀመሪያ ቀላሉን አሳዩኝ፤ እያንዳንዱን ፊደል ሦስት ቤት ወደ ታች መግፋት፣ ‘ሀ’ን ‘መ’ ብሎ መጻፍ። ፊደሉ የሚገፋበትን ቁጥር ‘ቁልፍ’ ይሉታል። ጥበቡን ሁሉ የጨረስኩ መስሎኝ ለክፍል ጓደኛዬ ደብዳቤ ጻፍኩ። እሳቸው ሻያቸውን ጠጥተው ሳይጨርሱ ፈቱት። በአማርኛ ‘ን’ የማይመላለስበት ወረቀት ስለሌለ፣ በምሥጢሩ ጽሑፍ አሁንም አሁንም ብቅ የሚለው ፊደል ‘ን’ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ትዕግሥት ነው አሉኝ። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረብኝም። መልሱን ንገሩኝ ብዬ ብነፋረቅም ‘ቁጠሪ’ ከማለት በቀር አይነግሩኝም ነበር። ደብተሩን ወርውሬ የወጣሁባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። በማግስቱ ግን ተመልሼ እዚያው ነኝ።

የምመላለሰው ለጨዋታው ብቻ አልነበረም። የአራት ዓመት ልጅ ሳለሁ አባቴን ከቤት ወስደውት አልተመለሰም። መርዶ የነገረን የለም፤ መርዶ ከሌለ ደግሞ ለቅሶ የለም፣ ድንኳን የለም፣ ፍትሐት የለም። እናቴ ጥቁር ልልበስ ብትል ሟርት ይሆንባታል፣ ልጠብቅ ብትል ዓመቱ ይነጉዳል። ያን ጊዜ የተያዙ ሰዎች ጉዳይ ይተላለፍ የነበረው በጋሽ ታፈሰ እጅ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያወራል። ስጠይቃቸው መሐላ አለብኝ ይሉና መነጽራቸውን መወልወል ይጀምራሉ።

ሃያ ዓመቴ ላይ ታመው አልጋ ያዙ። አንድ ከሰዓት በኋላ አስጠርተውኝ ከትራሳቸው ሥር ወረቀት አወጡ። ሃያ ፊደል ተጽፎበታል፣ አንድም የተደገመ የለውም።

"ብነግርሽ መሐላዬን አፈርሳለሁ። ዝም ብልም እናትሽን በቁሟ መቅበሬ ነው። እንኪ።"

"ቁልፉስ ጋሽ ታፈሰ?"

"አቃጠልኩት።"

ሳምንት አልቆዩም።

እንዲህ ያለው ወረቀት እንደማይፈታ ያስተማሩኝ ራሳቸው ናቸው። የፊደል ገበታውን ከነዲቃላዎቹ ቁጥር ሰጥተሽ፣ እያንዳንዱን ፊደል በዕጣ በወጣ በየራሱ ቁጥር ከገፋሽውና ቁልፉን ካቃጠልሽው መቁጠር አይሠራም፤ ከዚያ ወረቀት ማንም የፈለገውን ቃል ማውጣት ይችላል ብለውኛል። አወጣሁም። አንድ ቁልፍ ብሠራ "ባልሽ በሕይወት አለ ድንበሩን ተሻግሯል" አለኝ። ሌላ ብሠራ "ባልሽ በወሰዱት ቀን ሞቷል አልተሰቃየም" አለኝ። ሁለቱም ልክ ሃያ ፊደል ናቸው፣ የሁለቱም ሒሳብ ስሕተት የለውም። ምናልባት ሰውዬው ምንም አያውቁም ነበር፤ ዝም ብለው ፊደል ደርድረው ይሆናል። ይህን ሳስብ ከመቃብራቸው ጎትቼ ባወጣቸው ደስ ይለኛል።

እናቴ ግን በየጊዜው ‘ተፈታ?’ ትለኛለች፣ እኔም ‘ገና ነው’ እላታለሁ። ስንት ዓመት እንዲህ ተባባልን። አምና ጉልበቷ ከድቷት፣ ከአልጋ መነሳት ሲያቅታት፣ ሳላለቅስለት ልሄድ ነው አለችኝ። ደብተሬን ይዤ አልጋዋ ጫፍ ተቀመጥኩና ሁለተኛውን ቁልፍ ፊደል በፊደል እያሳየሁ አነበብኩላት።

"አልተሰቃየም ይላል?"

"ይላል፣ እማዬ።"

ጥቁር አምጡልኝ አለች። የእድሩ ድንኳን ተተከለ፣ ፍትሐቱም ተደረገ። ሰው ሁሉ እግዜር ያጥናሽ ሲለኝ አሜን እላለሁ። እናቴ ስሙን እየጠራች ደረቷን ስትመታ እኔም ከልቤ አለቀስኩ፤ አባቴ ሞቶ ይሁን አይሁን ግን ዛሬም አላውቅም። ከጋሽ ታፈሰ የቀረኝ ያ ወረቀት ነው። አሁን አሁን አውጥቼ ሳየው፣ ከራሴ ዓረፍተ ነገር በቀር ምንም አይነበብልኝም።