መልእክቱ በእታፈራሁ በኩል አለፈ

ቅዳሜ ዕለት የነበርነው እኔ ብርቄ፣ ልጄ ሜሮን፣ መኪናቸውን ይዘው የመጡት ጎረቤታችን ጋሽ ታደሰ፣ አንድ ፓርክ አጠገብ ያገኘናት እታፈራሁ ነን።

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት። ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ካለው ሰፈራችን ከቻምበርስ ሮድ ስንወጣ የመኪናው መስታወት በረዶ ይዟል። ሜሮን አራት ስልክ ታቅፋለች። ስልኮች ያለ ኔትወርክ ማማ እርስ በርስ መልእክት የሚቀባበሉበት ፕሮግራም ሠርታለች። መንገዱን የሚመርጠው ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ እሷ ኤአይ የምትለው ነው። ትምህርት አራተኛ ክፍል ላይ ላቆምኩት ለእኔ እንደገባኝ፣ አንዱ ስልክ ካልሰማ በሌላው መላክን እየሞከረ ይማራል። ሁለት ጊዜ ፈትናው አልሠራም። ሰኞ አስተማሪዋ ፊት ታቀርባለች፤ ዛሬ ካልሆነ የዓመት ልፋቷ ገደል ገባ።

አንድ ሰዓት። ኢስት ኮልፋክስ ላይ አንድ ከረጢት ሙሉ ትኩስ ሳምቡሳ ገዛን፣ አንዱ ሁለት ዶላር።

"ብርቄ፣ ለስንት ቀን ነው ስንቁ?" አሉኝ ጋሽ ታደሰ።

ስልክ በብርድ ይሞታል ሲሉ ሰምቻለሁ። ለእኔ የተሰጠኝን ስልክ በምግብ መጠቅለያ ፎይል ጠቅልዬ ከሳምቡሳው ጋር ቦርሳ ከተትኩት። ለማንም አልተናገርኩም።

ሁለት ሰዓት፣ ዴንቨር፣ አንድ ሰፊ ፓርክ። ሜሮን ሐይቁ ዳር፣ እኔ መሀል፣ ጋሽ ታደሰ ከዛፎቹ ወዲያ ቆምን። መልእክት ሲደርሳቸው ጋሽ ታደሰ ኮፍያቸውን ያወዛውዛሉ። ላከች። ምንም የለም። ደግማ ላከች። የልጄን ፊት ማየት አቃተኝ።

ፓርኩ ዳር ያለው የአውቶቡስ ፌርማታ ላይ የቆመች ሴት አማርኛችንን ሰምታ ቀረበች። "ምን ጠፋባችሁ?" እታፈራሁ ትባላለች፤ እንግልውድ የሚባል ከተማ ውስጥ አረጋውያን ትንከባከባለች። ስንነግራት "አውቶቡሱ እስኪመጣ እኔም ልያዝላችኋ!" አለች። ሜሮን አራተኛውን ስልክ ሰጠቻት፤ እታፈራሁም ከእኔ ትንሽ ራቅ ብላ ቆመች። ሜሮን ወደ ሐይቁ ዳር ተመልሳ ላከች።

ኮፍያው ተወዛወዘ! ጋሽ ታደሰ "ደረሰ! ደረሰ!" እያሉ እንደ ልጅ ሮጡ።

ሜሮን ስልኳን እያየች ወደ እኔ መጣች። "ማሚ፣ ኤአዩ ያንቺን ስኪፕ አድርጎ በእሷ በኩል ነው የላከው። ያንቺ ምን ሆነ?"

ከቦርሳዬ አውጥቼ ፎይሉን ስፈታ ጋሽ ታደሰ፣ "ስልኩንም ልንበላው ነው?" አሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ልጄ ግን አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

"ኖ ማሚ፣ ፐርፌክት ነው! ፎይሉ ሲግናሉን ዘጋው፣ ፕሮግራሙ ማንም ሳይነግረው የማይሰማውን ስልክ ለየ። ሰኞ የማሳየው ይሄን ነው!"

አምስት ጊዜ ላከች፤ አምስቱም ደረሰ።

ስድስት ሰዓት ላይ ኦሮራ ቤታችን ገባን። ሰኞም ፎይሉን ይዛ ሄዳ፣ አልፋ መጣች። እልል አልኩ።

እታፈራሁ ግን ከአምስተኛው መልእክት በኋላ አውቶቡሷ ሲመጣ ስልኩን እጄ ላይ ጥላ ሮጠች፤ በደስታችን መሀል ሳናመሰግናት ቀረን። የምታውቋት ካላችሁ፣ ደኅና መሆኗንና የት እንደማገኛት እባካችሁ ጻፉልኝ።