ያልታለበው ምንጭ

ሀብት ያለው አገር ያልፍለታል ይላሉ። አያልፍለትም። ሀብቱ ያልፋል፣ አገሩ እዚያው ይቀራል። ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም፤ መጽሐፍማ ተቃራኒውን ነበር የነገረኝ።

ዛሬ ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ቧንቧውን ስከፍት እንደ ልማዱ አሳለ። ሦስት ቀን የጠፋ ውሃ ሲመለስ መጀመሪያ አየሩን ያስወጣል፤ ይንኮሻኮሻል፣ ይተፋል፣ ከዚያ ዝገት የመሰለ ውሃ ያንጠባጥባል። ሽታው የብረትና የእርጥብ ድንጋይ ነው። ያ ሽታ ሁልጊዜ ሰበታ ይመልሰኛል፣ አባቴ ዘንድ።

በንጉሡ ዘመን፣ ከሰበታ ወደ ወጨጫ ተራራ ሲወጣ፣ ከቋጥኝ ሥር የሚፈልቅ ምንጭ ነበረን። ከእሱ የሚነሳው ቦይ የመንደሩን ድንች፣ ሽንኩርትና ጌሾ ያጠጣል። አባቴ የውሃ አባት ነበር። የውሃ አባት ጎረቤት ተሰብስቦ የሚመርጠው ሰው ነው፤ ዛሬ የማን ተራ እንደሆነ፣ ፀሐይ የት እስክትደርስ እንደሚያጠጣ ይፈርዳል። ደመወዝ የለውም። ያለው ቃሉ ነው፤ እሱ «በቃህ» ካለ፣ ጓሮው ግማሹ ደረቅ የሆነ ሰው እንኳ አካፋውን ተሸክሞ ይሄዳል። ጠዋት ቦዩን ይዞ ሲወርድ «ኦቦ፣ አካም ቡልተኒ» ብሎ እንዴት አደሩ የማይለው አልነበረም።

እኔ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ተቀምጬ አሥራ አንደኛ ክፍል እማር ነበር። የጂኦግራፊ አስተማሪያችን መንግሥት ገንዘቡን የሚያፈሰው ሀብት ባለበት ነው ብሎናል፤ መንገዱም ክሊኒኩም ፋብሪካውም ሀብትን ተከትሎ ይመጣል። ደብተሬ ላይ በቀይ አሰመርኩበት። መንደራችን ቧንቧ፣ ክሊኒክና እስከ ከተማው የሚያደርስ መንገድ ይፈልግ ነበርና አቤቱታ እንድጽፍ ሲጠይቁኝ፣ የተማርኩትን አፈሰስኩት። «በጋ ከክረምት የማይነጥፍ፣ ለልማት የተዘጋጀ ምንጭ አለን» ብዬ ጻፍኩ። ሌላው መንደር ችግሩን ሲያለቅስ እኛ ሀብታችንን አሳየን። በዚያን ዕድሜዬ ብልህ ነበርኩ፤ እግዜር ከብልህ ልጅ ይጠብቃችሁ።

በየካቲት፣ መሐንዲስ ምንጩን ለመለካት ይመጣል ተባለ። ከትምህርት ቀርቼ መጣሁ። የካቲት ምንጩ የሚቀጥንበት ወር ነው፤ አባቴም ተራውን በእጅጉ የሚያሳጥርበት። ሰው ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ከብት ሱሉልታ ገበያ እየነዳ የሚሸጥ ጎረቤታችን ሳቀና ተነሳ።

«ምን ትጨነቃላችሁ? እኔ ላም ለገበያ ስነዳ ጠዋት አልባት ይመስላችኋል? ግቷ ሞልቶ ገዢ ይያት እንጂ!»

ሁሉም ገባው። ከላይ ቁጥቋጦው ውስጥ ምንጩን ሁለት ቀን መገደብ፣ መሐንዲሱ ሲመጣ መልቀቅ።

«እኔ ያልታለበች ላም ሸጬ አላውቅም» አለ አባቴ።

«አባዬ፣ ይህ ሽያጭ አይደለም» አልኩ። ከዚያ ደብተሬን እንዳለ አነበነብኩለት። ሲያዳምጠኝ ፊቱ ላይ የነበረው ኩራት አሁንም ይታየኛል። የገባው አይመስለኝም። ልጁ ሰው ፊት ቆሞ መናገሩ በቅቶታል።

እናቴ ከሴቶቹ መሀል ድምፅዋን አሰማች። «ግቷ ሞልቶ ያያት ሰው ላሟን ይዟት ይሄዳል እንጂ ለእናንተ ትቷት ይሄዳል?»

«ሴትዮ፣ ውሃ በገመድ አይጎተትም!» አለ ከብት ነጋዴው። ተሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ሁለት ቀን ጓሮው ሁሉ ተጠማ። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ላንድሮቨር እያጓራ መጣ። መሐንዲሱ ወጣት፣ ትሑት፣ ጫማው አቧራ የጠጣ ሰው ነበር። ቦዩ የሚጀምርበት ላይ በርሜል አስቀምጦ ሰዓቱን አወጣ። ከላይ ግድቡን ለቀቁት። ውሃው እያጉረመረመ መጣ፤ በርሜሉ በአፍታ ሞልቶ ፈሰሰ፤ የረጠበው አፈር ሸተተ። ሴቶቹ እልል አሉ። እናቴ አላለችም።

መሐንዲሱ በመዳፉ ጠጣና ወደ አባቴ ዞረ። «አባባ፣ ውሃውን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት ብለውኛል። በበጋ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

አባቴ ጎንበስ ብሎ ውሃውን በእጁ ነካ።

«ሌትም ቀንም እንዲህ ነው፣ ጌታዬ» አልኩ እኔ።

«እሳቸውን ነው የጠየቅሁት።»

አባቴ አየኝ። «ልጄ ያለው ነው» አለ።

ቃሉ ተጻፈ።

አስተማሪዬ አልዋሸም፤ የመንግሥት ገንዘብ መጣ። ቱቦ በካሚዮን መጣ፣ ሲሚንቶ መጣ፣ የቀን ሥራ መጣ። ጠጅ ቤቶቹ ሞሉ፤ ከብት ነጋዴው ለቆፋሪዎቹ ሥጋ አቅርቦ ቤቱን ቆርቆሮ አለበሰ። እኔም ደብተሬ እውን ሆነ ብዬ ተንቀባረርኩ። የቱቦው ጉድጓድ ተቆፍሮ ሲያበቃ ገንዘቡም እንደ ቱቦው በእኛ በኩል አልፎ ሄደ። ለእኛ ቧንቧም መንገድም ክሊኒክም አልመጣም። ምንጩ ላይ የሲሚንቶ ቤት ተሠራ፣ የብረት ክዳን ተቆለፈበት፣ ውሃው ወደ አዲስ አበባ ነጎደ። ቡራዩም ውሃዋን ልካለች፤ ሱሉልታም ወተቷንና ድርቆሿን ትልካለች። ከተማ ሲጠጣና ሲበላ ዙሪያው ያጨበጭባል።

በሚቀጥለው በጋ ቦያችን ደረቀ። ጠዋት ጠዋት ገበሬዎቹ አካፋቸውን ይዘው ደጃችን ይቆማሉ። «ኦቦ፣ ቢሻኒ ኤሳ?» ይላሉ፤ ውሃው የት አለ? አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ለዚህ ጥያቄ መልስ የነበረው ሰው ነው።

ይዤው ወደ ውሃ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። ያው መሐንዲስ ነበር፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠው፣ መዝገቡን ገለጠ። «አባባ፣ የእናንተን አልነካሁም። ቧንቧው የሚወስደው ልክ የተወሰነ ነው፤ ከዚያ የተረፈው በሙሉ በቦያችሁ እንዲወርድ ነው ያደረግሁት።»

ሰውየው አልበደለንም። ለእኛ የተወልን ትርፍ እኛ የዋሸነው ውሃ ነበር።

እውነቱን ልናገር አፌን ስከፍት አባቴ ክንዴን ጨበጠ። አቤቱታው ላይ ያለው ፊርማ የእኔ ነው፤ መንግሥትን ያታለለ ተማሪ ምን እንደሚደርስበት ሰምቷል።

«ቃሉን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለ። «ተሳስቼ ይሆናል፤ አርጅቻለሁ።»

አላረጀም ነበር። ያን ቀን ግን አረጀ። መሐንዲሱ አዘነለትና የሚችለውን አደረገለት፤ የሲሚንቶው ቤት ዘበኛ አድርጎ አስቀጠረው። የካኪ ካፖርት ሰጡት። ጓሮዎቹ ጦም አደሩ፤ የገበሬዎቹ ልጆች ለቀን ሥራ ወደ አዲስ አበባ ወረዱ፤ ካፖርቱን ሲያዩ ሰላምታ ሳይሰጡት የሚያልፉ ነበሩ። ቁልፉ በእሱ እጅ አልነበረም። እናቴ ስለ ላሟ የተናገረችውን ዳግመኛ አላነሳችም፤ ብታነሳው ይሻለኝ ነበር።

ለዕረፍት ስመጣ ጠዋት ቁርሱን አደርስለት ነበር። አንድ ቀን ክዳኑ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ጆሮውን ብረቱ ላይ አድርጎ አገኘሁት። እንዳላየ ሆኜ ቆምኩ። ቀና ሲል በጉንጩ ላይ የዝገት ክብ ነበር።

«ቀጥኗል» አለኝ። «የእገሌን ተራ ማሳጠር ነበረብኝ።»

ከዚያ ቀን በኋላም እስኪሞት ድረስ አንዲት የወቀሳ ቃል አልተናገረኝም። ትምህርቴን ግን ሁልጊዜ ይጠይቀኝ ነበር።

ይህን የምታነበው አንተ፣ ውሃ ጠፍቶ ሳለ ከፍተህ የረሳኸው ቧንቧ ካለ፣ ተነስና ዝጋው፤ ሲመለስ በከንቱ የሚፈሰው የአንድ ሰው ተራ ነው።