ደም ካላየሽ አትፍሪ

እኔ አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችል ሰው ነኝ። እንጀራዬ ደግሞ መቀመጥ ሆነና ጦርነቱ ካስቆመኝ ጊዜ በቀር ሃያ ዓመት መቐለ ውስጥ ከሮማናት አደባባይ ሚኒባስ ስነዳ ኖርኩ። የሹፌር ወንበር ከሥሩ ሞተር ስላለ ይግላል። እኛ ሹፌሮች ደም ያየን እንደሆነ "ወንበሩ ነው፣ ኪንታሮት ነው" እንባባልና ትራስ እንለውጣለን። እኔም አንድ ዓመት ሙሉ ሽንት ቤት በገባሁ ቁጥር ደም እያየሁ ሦስት ትራስ ቀያየርኩ። ሚስቴ ልብሴን ስታጥብ አይታ እየጎተተች ሐኪም ቤት ባትወስደኝ ዛሬ አፈር ሆኜ ነበር። የትልቁ አንጀት ካንሰር ነው ተባልኩ፤ በግራ በኩል፣ ወደ ታች። ቆርጠው አወጡት፣ መድኃኒቱንም ጨረስኩ፣ ተረፍኩ።

ከሆስፒታል ስወጣ ሐኪሜ አንድ ነገር አጥብቆ አዘዘኝ። ይሄ በሽታ በዘር ሊሄድ ስለሚችል እህት ወንድም ካለህ ምንም ባያማቸውም መጥተው ይመርመሩ አለኝ። ያለችኝ አንዲት ታላቅ እህት ናት፤ አስተማሪ ናት፣ እናታችን ከሞተች ወዲህ ደግሞ እናቴም እሷው ናት። አባታችን የመቐለ ሰው፣ እናታችን የወሎ ስለነበሩ ቤት ውስጥ አማርኛ እያወራን ሲጨንቀን ወደ ትግርኛ የምንዘል ልጆች ነን። በሁለቱም ቋንቋ ግን ወንድም ለእህቱ ስለ መቀመጫ አያወራም። ምርመራው ቱቦ ነው፤ የሚገባውም በዚያው በኩል ነው። በምን አፌ ልንገራት? ቤቷ ሄድኩ፤ ሻይ ቀዳችልኝ፤ ሦስት ጊዜ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ከዚያ የሐኪሙን ቃል ዋጥ አድርጌ የራሴን ነገርኳት።

"ደም ካየሽ ቶሎ ሂጂ። ደም ካላየሽ አትፍሪ።"

እሺ አለች። እኔም የተጣለብኝን የተወጣሁ መስሎኝ ቀለል አለኝ። ይባስ ብዬ ሰባኪ ሆንኩ። ተራ በምንጠብቅበት ሹፌሮቹን እየዞርኩ "ሕመሙን የሸሸገ መድኃኒት የለውም" እያልኩ አፋጥጣቸው ነበር። የሽንት ቤቱ መምህር እያሉ ያሾፉብኛል፤ ያሹፉ፣ ሁለቱ በእኔ ጭቅጭቅ ታክመዋል። ለወንዶቹ ሁሉንም በስሙ እየጠራሁ እናገራለሁ። እህቴ ፊት ግን ምላሴ ተሳሰረ።

ከሆስፒታል በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት እህቴን ድካም ያዛት። የምትኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውሃ ከጠፋ ሳምንት አልፎ ስለነበር ጀሪካን ይዘን ደረጃውን ስንወጣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቁጭ አለች። እሷ ሁልጊዜ ቀድማኝ የምትወጣ ሴት ናት። ምን ሆንሽ ብላት ጾሙ ነው አለችኝ፤ ዐቢይ ጾም ስለነበር እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም። እውነትም በዚያ ሰሞን ያልገረጣ ሰው የለምና አመንኳት። ፋሲካ አለፈ፣ ድካሙ ግን አላለፈም። ክሊኒክ ሄደች፤ ደምሽ አንሷል ተባለች። በዚህ ዕድሜ የወር አበባ ሊቋረጥ ሲል ይበዛል፣ ለሴት የተለመደ ነው ብለው የብረት ክኒን ሰጧት። ሲያልቅ ሌላ ሰጧት። እኔ ስደማ በወንበር ተመካኘ፤ እሷ ደም ሲያንሳት ደግሞ በሴትነቷ ተመካኘ።

ልቤ ግን አላርፍ አለ። በየሁለት ቀኑ እየደወልኩ ደም አየሽ ወይ እላታለሁ፤ አላየሁም ትለኛለች። እፎይ ብዬ ስልኩን እዘጋለሁ፤ አንድ ዙር ሳልሠራ ጭንቀቱ ይመለስብኛል። ፊቷ እንደ ጠመኔዋ ነጥቶ ነበር። አንድ ቀን ተሳፋሪ ዓይናለም ሰፈር አውርጄ ስመለስ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ መኪናዬን አዙሬ ትምህርት ቤቷ በር ላይ አቆምኩ። ከክፍል አስጠርቼ አስወጣኋት። ተማሪዎቼ ፊት አዋረድከኝ ብላ ተቆጣች፤ እየተቆጣችም ቢሆን ገባችልኝ፣ በቀጥታ ወደ ሐኪሜ ነዳሁ።

ለቱቦው ምርመራ ሦስት ሳምንት ጠብቁ ተባልን። ያን ሦስት ሳምንት እንዴት እንደነዳሁ አንድዬ ይወቀው። ፌርማታ አልፋለሁ፤ ተሳፋሪ ወራጅ አለ ሲለኝ እጮህበታለሁ። ማታ ሚስቴ እባክህ ቁጭ በል ትለኛለች፤ እኔ ከበሩ እስከ መስኮቱ እመላለሳለሁ።

ውጤቱ የወጣ ቀን ሐኪሙ ሁለታችንን አስቀምጦ ወረቀት ላይ አንጀት ሣለልን። የእኔ ወደ መውጫው ስለነበር ደሙ ሳይደበቅ ታየኝ። የእሷ በቀኝ በኩል ነው፤ አንጀቱ ከሚጀምርበት። እዚያ ደሙ ጠብ ጠብ እያለ ከሰገራው ጋር ይደባለቃል እንጂ በዓይን አይታይም። ሰውነት ብቻ ቀስ እያለ ደሙን ይጨርሳል። በሴቶች ላይ ከወንዶች ይልቅ በዚያ በኩል መነሳት ይበዛል፤ ድካሙም በሌላ ስለሚመካኝ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚገኘው አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ጉበቷ ላይ ደርሷል፤ ቀዶ ጥገናውም መድኃኒቱም ይደረግላታል፣ ነገር ግን ከሁለት ዓመት በፊት መጥታ ቢሆን ሌላ ወሬ ነበር የምናወራው አለን።

ቀና ብሎ አየኝ። "አንተን ሳስወጣህ እህትህ መጥታ ትመርመር ብዬህ አልነበር?"

እህቴ ዞር ብላ አየችኝ። ያወቀችው ያን ጊዜ ነው፤ ፊቷ ላይ አየሁት። መሬት ብትከፈት በገባሁ።

"ነግሮኛል፣ ዶክተር" አለች። "እኔ ነኝ ፈርቼ የቀረሁት።"

አፌን ልከፍት ስል እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝ። "ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ተወው በቃ" አለችኝ ቀስ ብላ። ሐኪሙ አንገቱን ደፍቶ ካርዷ ላይ ጻፈ፤ ምርመራ እንድታደርግ ተነግሯት ነበር፣ በፍርሃት አልመጣችም ብሎ። አሁን መድኃኒት ላይ ናት። የማመላልሳት እኔ ነኝ፤ በሄድን ቁጥር ካርዷን አስወጥቼ ለነርሷ የምሰጣትም እኔ ነኝ። እስካሁን አላሳረምኩትም።