ሸሪፋና የነኢማ ቤት ሙሃለቢያ

ሸሪፋ ያን ቀን ብቻ ነው የተቆጣችው የሚል ካለ አያውቃትም ማለት ነው። ከሚሴ ከገባች ጀምሮ አንድ ነገር ሲቆጠቁጣት ኖሯል። ያን ቀን ግን ባሏ ከማል፣ ወንድሟ በድሩ ለምሳ በተቀመጠበት፣ እጁን እየታጠበ እንዲህ አለ፦

«ለሐሙሱ እንግዳ ሙሃለቢያውን ነኢማ ቤት አዛለሁ። አንቺ ሥጋውንና ሩዙን ብቻ ተመልከቺ።»

ሐሙስ ልጃቸውን ኢልሃምን ለትዳር ሊጠይቁ የወንዱ ወገኖች ከሰንበቴ የሚመጡበት ቀን ነው። ነኢማ ደግሞ ከጅዳ ተመልሳ በዋናው መንገድ ዳር ምግብ ቤት የከፈተች ሴት ናት። ሙሃለቢያ የሚሉትን፣ ወተት ከስኳርና ከስታርች ጋር ፈልቶ፣ ሄል ገብቶበት በብርጭቆ የሚረጋውን ጣፋጭ ለከተማው ያስለመደችው እሷ ናት። ከማል ከእህል መጋዘኑ ወጥቶ እዚያ ጎራ ሳይል ቤቱ አይገባም። ይህን ሸሪፋ ችላው ነበር። ወንድ ልጅ የትም ይበላል። በገዛ ቤቷ፣ በልጇ ቀን፣ የወተት ነገር ከሰው ቤት ሊመጣ ነው ሲባል ግን ደሟ ፈላ።

«እኔ ሞቻለሁ?» አለች።

«ሞትን ምን አመጣው?»

«እንግዳ ሲመጣ ወተት ከውጭ የሚገዛው ሴት የሞተችበት ቤት ነው።»

በድሩ ሊያበርድ ፈልጎ፣ «አብሽሪ እህቴ፣ ድካምሽን አስቦ ነው» አለ። ነገሩ እዚህ ላይ በቀረ! ከማል ግን እጁን በፎጣ እያደረቀ፣ «እውነቱን ልንገርሽ? ያንቺ ወተት እንደ ድሮው አይደለም» ብሎ ጨመረበት።

ይህን ቃል ለማን እንደተናገረ ልንገራችሁ። ሸሪፋ የጨፋ ሮቢት ልጅ ናት። በዚያ ሜዳ ላም ያላት ሴት ሞልታለች፤ ወተቷ በስሟ የሚጠራ ግን እሷ ነበረች። አራስ ያለችበት ቤት፣ ሙሽራ የገባበት ቤት፣ «ከሸሪፋ አምጡ» ይባል ነበር። ምስጢሩ አንድ የወተት ቅል ነው። እናቷ ስትድራት የሰጠቻት፣ አንገቱ ላይ ዛጎል የተደረደረበት፣ ጎኑ ተሰንጥቆ እናቷ ራሷ በጅማት የሰፋችው ቅል። በየማለዳው የወይራ ፍም ትከትበታለች፣ ታወዛውዘዋለች፣ አፉን ትከድነዋለች። ቅሉ ጭሱን ጠጥቶ ሲጠግብ ጠርጋው ወተቷን ታፈስበታለች። ከማል ያንን እየጠጣ ነው ጎልማሳ የሆነው።

የእህል ንግዱ ሲቀናው ከሚሴ ቤት ሠራና ሳሎኑን ነጭ ቀለም አስቀባ። ነገሩ የተበላሸው ያኔ ነው። አንዳንድ ሰው ነጭ ግድግዳ ካገኘ የመጣበትን ይረሳል። «እዚህ ቤት ጭስ እንዳላይ!» አለ። ከሰሉ ወደ ግቢው ጥግ ተባረረ፤ ወይራ የሚባል ነገር በበሩ እንዳያልፍ ሆነ። ቅሉስ? «መኪና ላይ ተሰበረ» አላት። ዕቃው ሲጫንና ሲወርድ እሷ ጋቢና ውስጥ ነበረች፤ አላየችም። እናቷ ከሞተች ገና ዓመት አልሞላም ነበርና ለቅል እንደዚያ ሲለቀስ ያዩ ሰዎች ገርሟቸዋል። ከማል አጠገቧ ተቀምጦ አባበላት። ከዚያ ወዲህ ወተቱ በፕላስቲክ ጆግ ፍሪጅ ውስጥ ማደር ጀመረ። አሁን ይኸው ሰውዬ ነው «እንደ ድሮው አይደለም» የሚላት!

«ወላሂ፣ የዚያችን ሴት ደጅ እግሬ አይረግጥም» ብላ ማለች ሸሪፋ። «ሙሃለቢያው ግን ከዚህ ቤት ነው የሚወጣው። ከእሷ የተለየ ነው ያልክ ቀን አፍህን እዘጋልሃለሁ።»

የማለችው ተናዳ ነው፤ ተናዶ የማለ ደግሞ በራሱ እግር ላይ ገመድ ያስራል። የነኢማን ሙሃለቢያ አንድ ቀን እንኳ ቀምሳው አታውቅማ! ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ እሷ ግን ያልቀመሰችውን ልትሠራ ተነሳች። ይቅር ማለት አይሆንላትም፤ ሄዶ መቅመስ ደግሞ መሐላው ይዟታል። የቀራት የከማል ምላስ ብቻ ነበር።

የመጀመሪያው እንደ ሙጫ ያዘ። ሁለተኛው እንደ አጥሚት ቀጠነ። ስታርቹን ለካች፣ ሄሉን ራሷ ወቀጠች፣ ቀረፋ ሞከረች፣ ከዓረብ ዕቃ ሱቅ የጽጌረዳ ውሃ አስመጥታ ጠብ አደረገችበት። ጎረቤቷ ሰሊማ ቀምሳ «ማሻአላህ» አለች፤ አባባሏ ግን የታመመ ሰው ሲጠይቁ የሚሉት ዓይነት ነበር። እየዋለ ሲያድር ሙሃለቢያው ለዓይን የሚያምር፣ ሲነኩት የሚንቀጠቀጥ፣ የተሳካ ሆነ። ከማል አንድ ማንኪያ ይወስዳል፤ ጣራ ጣራውን ያያል።

«ጥሩ ነው። የሆነ ነገር ግን ይጎድለዋል።»

«ምን?»

«እንጃ፣ የሆነ ነገር።»

«ምላስ አለህ አይደል? ስኳር ነው? ሄል ነው? ንገረኝና ልጨምር!»

«እንጃ አልኩሽ እኮ ሸሪፋ። የነኢማ ለየት ይላል፣ በቃ።»

ይህች «በቃ» ናት የምታቃጥላት። ድስቱን ስታጥብ ድስቱ ይጮኻል፤ በር ስትዘጋ በሩ ይጮኻል። «የሆነ ነገር!» ትላለች ለብቻዋ። «የሆነ ነገር ይድፋህ!» ብላ መልሳ «አስተግፊሩላህ» ትላለች። እንግዳው ነገ ሊመጣ ነው፤ ከማልም ማለዳ ነኢማ ጋ እንደሚልክ ቁርጡን ነግሯታል።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ኢልሃም ከውጭ ገባች፤ ከሻርፗ ሥር ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሳህን አውጥታ እናቷ ፊት አስቀመጠች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የነኢማ ቤት ነው። እማ፣ የማልሽው በእግርሽ ነው እንጂ በአፍሽ አይደለም። እዚሁ ቅመሺው።» ቀጥላም አፍንጫዋን ሸብሸብ አድርጋ፣ «እኔስ አልወደውም፤ መድኃኒት መድኃኒት ይለኛል» አለች። ነፍስ ያወቀችው በነጩ ቤት ነው፤ ከየት ታውቀዋለች?

ሸሪፋ ክዳኑን ከፈተች። ማንኪያ አላስፈለጋትም።

«ኩን ኣራ ኤጀርሳቲ!» አለች።

የወይራ ጭስ ነው ማለቷ ነው። ኦሮምኛው ጭስን «ኣራ» ይለዋል፤ አማርኛ ብቻ የሚሰማ አንባቢ አይሳቅ። ንዴትንም ከዚያው ሥር አውጥቶ «ኣሪ» ይለዋል። የጨሰውም የተቆጣውም በአንድ ግስ ነው የሚነገረው። እኔ ከዚህ የበለጠ እውነት የያዘ ቃል አላውቅም፤ ሸሪፋ ጭሱን ባሸተተች ቅጽበት ሁለቱም በአፍንጫዋ ገብተዋልና።

ይህን ሽታ እኮ ከማል ተኝቶ እንኳ ይለየዋል! ስንት ዘመን የጠጣው ነው። አውቆ ነው «እንጃ» ሲላት የሰነበተው። ቀረፋ ስታስስ፣ ሄል ስትወቅጥ፣ የጽጌረዳ ውሃ ስታስመጣ ቁጭ ብሎ ያያት ነበር። ጭስ ነው ቢላት ምን ነበረበት? ይህን ስታስብ ተነስታ ሻርፗን ጣል አደረገች። ልጇ «የት ነው እማ?» እያለቻት ባጃጅ ጠርታ ገባች።

የነኢማ ደጃፍ ላይ ስትደርስ መሐላዋ ትዝ አላት። «ላፈረስኩት መሐላ ከከማል መጋዘን አሥር ምስኪን አበላለሁ» አለችና ገባች።

«እትዬ ሸሪፋ! አካም ጅርተ? ምነው ዛሬ፣ እንኳን ደህና መጡ!» ብላ ነኢማ ተነሳች። ሸሪፋ ሰላምታውን ዋጥ አድርጋ ቀጥታ ወደ ወጥ ቤቱ አለፈች። ጭሱ ከምን ዕቃ እንደሚወጣ ማየት ነበር ሐሳቧ። ዕቃው ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ አገኘችው። ዛጎሉ አንገቱ ላይ አለ። ጎኑን በጣቷ ዳሰሰችው፤ የእናቷ ስፌት።

«ጋሽ ከማል ናቸው የሰጡኝ፣ እናንተ ከሚሴ ስትገቡ፣ እኔም ቤቱን ስከፍት» አለች ነኢማ ፊቷ እየተለዋወጠ። «እኛ ቤት ቦታ የለውም፣ ለግድግዳ ጌጥ ይሁንሽ አሉኝ። እኔ ደግሞ የወተት ቅል ለጌጥ ሲሰቀል አላስችል ቢለኝ እናቴ እንደምታደርገው አጠንኩት። እርስዎ ሳያውቁ መሆኑን ወላሂ አላወቅኩም፣ አፉ በሉኝ።»

ሸሪፋ ለዚህች ሴት ያዘጋጀችው ስድብ ጨፋን ሜዳ ይሞላ ነበር። አሁን አንዱም አልወጣ አላት። ቅሉን አውርዳ አሸተተችው።

«አንቺን አፉ ብያለሁ» አለቻት። «ወይራውን ግን ታበዢዋለሽ።»

ቅሉን በሻርፗ ጠቅልላ ወጣች። ነኢማም የነገውን ትእዛዝ ራሷ እንደምትሰርዘው ከኋላዋ ተናገረች።

ሐሙስ ማለዳ ከማል ከሱብሂ ሰላት ሲመለስ በሩን ቢከፍት ሳሎኑ አይታይም። ማንደጃው ምንጣፉ ዳር ተቀምጧል፤ ወይራው ይጨሳል፤ ጭሱ እየተጥመለመለ ነጩን ጣራ ይልሰዋል። «ሸሪፋ! ማል ታቴ? ምን ሆነሻል? ቤቱ ተቃጠለ እንዴ?» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ቅሉን እጇ ላይ አየውና ጩኸቱ ቆመ። በዝግታ፣

«ኣርቴ?» አላት።

ተቆጣሽ ወይ ነው የሚለው፤ ጨስሽ ወይም ይሆናል።

«ሁለቱንም» አለችው።

«ልነግርሽ እኮ ነበር፣ ግን…»

«መኪና ላይ የተሰበረው ነው። ድኖ መጣ።» ፍሙን አራግፋ ቅሉን ጠረገችው። «ስትሰጠው አይደለም የሚያንገበግበኝ ከማል። ተሰበረ ብዬ ሳለቅስ አጠገቤ ተቀምጠህ እንባዬን ጠረግክ። በየትኛው እጅህ ነበር?»

ከማል መስኮት ሊከፍት ሄደ፤ እሷም «ተወው ይጭስ» አለችው። ተወው።

እንግዶቹ ከሰዓት በኋላ መጡ። የጣራውን ጥቁረት ያየ ካለም በጨዋ ደንብ ዝም አለ። ተበላ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ሙሃለቢያው በየብርጭቆው መጣ። ለሌላው ኢልሃም አደለች፤ የከማልን ሸሪፋ ራሷ ይዛ መጥታ ፊቱ አስቀመጠችለት። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ ሼህ ሙሀመድኑር አንድ ማንኪያ ቀምሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ያ ረቢ! የጨፋ ወተት እኮ ነው! የማን እጅ ነው ይሄ?»

ሁሉም ወደ ከማል ዞረ። ከማል ማንኪያውን አፉ ውስጥ እንዳደረገ ቀረ። የእሱ ብርጭቆ ስኳር አለው፣ ሄል አለው፣ ደህና አድርጎ ረግቷል። ጭስ ግን የለውም። ከፍሪጁ ጆግ የተሠራው ነበር።

«የሸሪፋ ነው» አለ እንደምንም ውጦ።

«ይህን ጭስ በከተማ ቤት ጠብቃ ማቆየቷ! ልጅቷም የእናቷ እጅ ካላት እኛም ተመርቀናል። አንተማ ታድለሃል ከማል፤ በየቀኑ ነው የምትበላው አይደል?»

ሸሪፋ በሩ ጋ ቆማለች። ዓይኗን ከእሱ ላይ አላነሳችም።

«አዎ» አለ ከማል። ጭስ የሌለውን ሙሃለቢያ እየቆረሰ እስከ ብርጭቆው ታች ጨረሰው። በእንግዳ ፊት ሌላ ምን ያደርጋል?

ሸሪፋ ቀረብ አለች። ድምፅዋ ለስላሳ ነበር፤ ከሰንበቴ የመጡት ሰዎች እንዴት ያለች ባል አክባሪ ብለው እርስ በርሳቸው ተያዩ።

«ከማል፣» አለችው፣ «ልጨምርልህ?»

«ጨምሪልኝ» አለ።