ስሟ የተቀየረው ሴትዮ

ይህ የሆነው በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም.፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት፣ እዚሁ ኦስሎ ነው። ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። ከዚያ ወዲህ ተመርቄያለሁ፣ ሥራ ይዣለሁ፣ ትዳርም መሥርቻለሁ። ነገር ግን ሰው በጽሑፌ ባመሰገነኝ ቁጥር ያ እሑድ ትዝ ይለኝና ፊቴ እሳት ይሆናል።

እኔና እናቴ ቫይትቬት በሚባል ሠፈር፣ ከገበያ ማዕከሉ ጀርባ ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር። ከደሴ የመጣነው እኔ የአራት ዓመት ልጅ ሆኜ ነው። አባቴና እናቴ እዚህ እንደመጣን ተለያዩ፤ እሱ ሌላ ከተማ ገባ። እናቴ ሆቴል ውስጥ ክፍል እያጸዳች፣ አልጋ እያነጠፈች ለብቻዋ አሳደገችኝ። በኋላ ቀኝ ትከሻዋ ተጎዳና ሥራ አቆመች። ኮሙኑ፣ ማለትም የከተማው አስተዳደር፣ የቋንቋ ትምህርት ቤት አስገባት፤ የኖርዌጂኛውን ፈተና ሁለት ጊዜ ወደቀች። ከዚያ በኋላ ከቤት መውጣት እየጠላች መጣች፤ ቀኑን መስኮት ሥር ተቀምጣ ትውላለች። ሐኪም ዘንድ ስትሄድ የማስተረጉምላት እኔ ነበርኩ።

እኔ ደግሞ ኮሌጅ ገብቼ ማኅበራዊ ሳይንስ እማር ነበር። መምህራችን እያንዳንዳችን ሁለት የስደተኛ ማኅበረሰቦችን የሚያወዳድር ጽሑፍ እንድናዘጋጅ አዘዘን። ለእኔ የደረሱኝ ሶማሌዎችና ታይላንዳውያን ናቸው። ማን የበለጠ ሥራ ይዟል፣ ማን የራሱ ቤት አለው፣ ማን ቋንቋውን ለምዷል የሚለውን ማየት ነበረብኝ። ከሠንጠረዥ መገልበጡ ቀላል ነበር። ባየሁት ሠንጠረዥ ላይ በአብዛኛው ረድፍ ታይላንዳውያኑ ከላይ፣ ሶማሌዎቹ ከታች ናቸው።

ሶማሌዎቹ ከጦርነት ሸሽተው ከነልጆቻቸው እንደመጡ አውቃለሁ። ከታይላንድ የመጡት ብዙዎቹ ደግሞ ኖርዌጂያን ያገቡ ሴቶች ናቸው፤ የሚገቡት ባሎቻቸው አስቀድመው ወዳቆሙት ቤት ነው። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ስለ ልዩነቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ጽፌ አለፍኩ።

መምህሩ ረቂቁን አይቶ ወደደው። "ቁጥር ብቻውን ግን ያሰለቻል" አለኝ። "ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ሰው አነጋግሪና ታሪካቸውን ጨምሪበት።"

ታይላንዳዊቷን ወዲያው አገኘኋት። ቅዳሜ ቅዳሜ ማዮርስቱን ሠፈር አንድ ልብስ መሸጫ ውስጥ እሠራ ነበር። ከጎናችን ባለው ልብስ ማስተካከያ ቤት የምትሰፋ ማሊ የምትባል ሴት ነበረች። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። በምሳ ሰዓቷ አነጋገርኳት። ሥራ አላት፣ ባሏ ኖርዌጂያን ነው፣ ቤታቸው ግቢ አለው፤ ሁሉንም ጻፍኩ። ማስታወሻዬን ልዘጋ ስል እጄን ያዘችኝ።

"ልጅ አለችኝ" አለች በዚያ ቀስ ባለ ኖርዌጂኛዋ። "አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። እናቴ ጋ ናት። አራት ዓመት አላየኋትም። ባሌ ትምጣ አይልም። ትቼው እንዳልሄድ ደግሞ የመኖሪያ ፈቃዴ ገና በእሱ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ይህንንም ትጽፊዋለሽ?"

እጽፋለሁ አልኳት። አልጻፍኩትም። የእሷ ታሪክ መልካሙ ታሪክ እንዲሆን ፈልጌ ነበርና ልጅቷ አታስፈልገኝም ነበር።

ከሶማሌዎቹ ማንን ላነጋግር? መልሱ እኛው ደረጃ ላይ ነበር። ከእኛ አንድ ፎቅ በታች ሰህራ የምትባል ሶማሌያዊት ትኖራለች። እኛ ልጆቹ እንደ አገሩ ልማድ "ታንተ ሰህራ" እንላታለን፤ አክስት እንደማለት ነው። ባሏ ሞቶባት አራት ልጆች ታሳድጋለች። የሠፈሩ ባርነሃገ፣ የሕፃናት መዋያው ውስጥ ትሠራለች። ኖርዌጂኛዋን እንደ ውኃ ነው የምትጠጣው። ከመምጣቷ በፊት አዲስ አበባ አምስት ዓመት ተቀምጣ ስለነበር አማርኛም ትችላለች። በሯን ማንኳኳት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

አላንኳኳሁም። ታንተ ሰህራ ለሠንጠረዤ አትመችም። ሥራ አላት፣ ቋንቋ አላት፣ ስትስቅ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ይሰማል።

ማስረከቢያው ሁለት ቀን ሲቀረው ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ፣ እናቴ መስታወት ፊት ቆማ ስታጉረመርም ሰማኋት። በማግስቱ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አላት። "እንደምን አደሩ፣ ትከሻዬን ያመኛል" የሚለውን በኖርዌጂኛ ደጋግማ ትለማመዳለች። ሁልጊዜ እንደዚያ ታደርጋለች፤ ሐኪሙ ፊት ስትቀርብ ግን አንዱም አይወጣላትም።

ያኔ ብዕሬን አንስቼ ጻፍኩ። አሚና የምትባል ሶማሌያዊት አልኩ። አጠገቡ "ስሟ የተቀየረ" ብዬ ጨመርኩ። ሆቴሉን፣ ትከሻውን፣ የወደቀችበትን ፈተና፣ መስኮት ሥር መቀመጧን፣ መስታወቱን፣ ሁሉንም አስገባሁ። መጨረሻ ላይ "ልጆቿ አብረዋት መንገድ ላይ መታየት ያሳፍራቸዋል" ብዬ ዘጋሁት። አንዲቱን ልጅ፣ እኔን፣ "ልጆች" አደረግኳት።

ለምን ሶማሌ አደረግኳት? ኮሌጅ ውስጥ "ሶማሌ ነሽ?" የሚለኝ ሰው አይጠፋም ነበር። "አይደለሁም፣ ኢትዮጵያዊት ነኝ" የምለው እንዴት ፈጥኜ እንደነበር አሁን ሳስበው፣ ከልብሴ ላይ ቆሻሻ እንደማራገፍ ያለ ነገር ነበር። የእናቴ ውድቀት የእኛ ሆኖ እንዲጻፍ አልፈለግኩም። ለሌላ ሰጠሁት።

መምህሩ ጽሑፉን ከምርጦቹ አንዱ አለው። ወደ ሠፈራችን ነፃ ጋዜጣ እንድልከውም መከረኝ። በየፖስታ ሣጥኑ የሚገባው ጋዜጣ ነው። የሁለቱን ሴቶች ታሪክ ብቻ ቆርጠው፣ ስሜን ከላይ አድርገው ሙሉ ገጽ አወጡልኝ። ለእናቴ አሳየኋት። ኖርዌጂኛውን ማንበብ አትችልም፤ ስሜን ግን አወቀችው። በጣቷ ዳበሰችውና "አላህ ያሳድግሽ" ብላ መረቀችኝ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ማሊ ወደ ሱቃችን ብቅ አለች።

"ባሌ አነበበልኝ" አለችኝ። "በጣም ደስ አለው። ፍሬም ውስጥ አድርጎ ሳሎን ሰቀለው።"

የታጠፈውን ልብስ እንደገና ማጣጠፍ ጀመርኩ።

"ሶፋው ላይ ስቀመጥ ፊት ለፊቴ ነው" አለችና ወደ ስፌቷ ተመለሰች። አልተቆጣችም። ስለ ልጅቷም አልጠየቀችኝም።

በማግስቱ እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ በራችን ተንኳኳ። ታንተ ሰህራ ናት። በአንድ እጇ በፎጣ የተጠቀለለ ድስት፣ በብብቷ ጋዜጣውን ይዛለች። እናቴ ገርሟት ተነሳች። በደረጃ ላይ ከሰላምታ በቀር እምብዛም አይገናኙም ነበር።

"ሀያት፣ አንቺን ነው የፈለግኩት" አለችኝ ተቀምጣ ትንፋሿን እየሰበሰበች። "ይህቺን አሚናን የት ነው ያገኘሻት? አራት ቀን ሙሉ ስፈልጋት ነበር።"

"ስሟ ተቀይሯል እኮ" አልኳት።

"አውቃለሁ። ለዚህ ነው በትከሻዋ የፈለግኳት። እዚህ ሠፈር ያለ የሶማሌ በር ሁሉ አንኳኩቻለሁ። ትከሻዋን የሚያማት፣ ሆቴል የሠራች ሴት አለች ወይ ብዬ ትሮስተሩድ ሠፈር ላሉት ሳይቀር ደወልኩ። የሚያውቃት የለም። እኔ የማላውቃት የእኛ ሰው እዚህ አለች ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ባርነሃገ ያሉት ወላጆች ደግሞ ሴትየዋን ታውቂያታለሽ ወይ ይሉኛል። አንዷማ አንቺ ነሽ እንዴ አለችኝ።"

"ምን ሆና ነው ሴትየዋ?" አለች እናቴ።

"አልነገረችሽም እንዴ? ቆይ ላንብብልሽ።"

"ታንተ፣ ተዪው፣ እኔ እነግራታለሁ" አልኩ። ታንተ ሰህራ ግን መነጽሯን አድርጋ ጀምራለች። ዓረፍተ ነገሩን በኖርዌጂኛ ለራሷ ታነብና ወደ አማርኛ ትመልሰዋለች።

"ስድስት ዓመት የሆቴል አልጋ አነጠፈች። ትከሻዋ ተጎዳ። ፈተና ሁለቴ ወደቀች።"

እናቴ "ውይ፣ እንደ እኔው" አለች በአዘኔታ።

"መስኮት ሥር ተቀምጣ ሰው ሲያልፍ ታያለች። ሐኪም ዘንድ ከመሄዷ በፊት መስታወት ፊት ቆማ የምትናገረውን ታጠናለች።"

እናቴ ወደ እኔ አላየችም። ጉልበቷ ላይ ያለውን እጇን ነበር የምታየው። ታንተ ሰህራ አልታወቃትም፤ ቀጠለች።

"ልጆቿ አብረዋት መንገድ ላይ መታየት ያሳፍራቸዋል።" መነጽሯን አወለቀች። "እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። ሰው እናቱን? ማክሰኞ ማክሰኞ ባርነሃገው ከተዘጋ በኋላ ቋንቋ የሚለማመዱ ሴቶች እሰበስባለሁ። እሷንም ልወስዳት ነው። ዛሬ ሩዝ በሥጋ ሠርቼላታለሁ። አድራሻዋን ብቻ ስጪኝ።"

ያኔ እንኳ አንድ የሐሰት መልስ እያሰብኩ እንደነበር መናገር አለብኝ። ወደ ሌላ ከተማ ሄደች ልበላት፣ አገሯ ገባች ልበላት፣ እያልኩ ነበር።

እናቴ ተነሳች። በደህናው እጇ ድስቱን ከታንተ ሰህራ ፊት አንስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"አግኝተሻታል" አለቻት። "ይኸው ቤቷ ነው። ተጫወቺ።"

ታንተ ሰህራ መጀመሪያ ቀልድ መስሏት ፈገግ አለች። ከዚያ የእናቴን ትከሻ አየች፤ ከዚያ እኔን። ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ቀስ እያለ ሲጠፋ አየሁት።

"ታዲያ ሶማሌ ያልሽው ለምንድን ነው?" አለችኝ።

አልጮኸችም። የምሯን ነበር የምትጠይቀኝ። ምክንያት ይኖረኝ ይሆናል ብላ እየጠበቀች። ማልቀስ ጀመርኩ፤ እናቴ ግን ማልቀሴን አልወደደችውም። "እንግዳ ፊት አታልቅሺ፣ ሳህን አምጪ" አለችኝ። ከዚያ ወደ ታንተ ሰህራ ዞራ፣ "አውፍ በዪን፣ ያሳደግኳት እኔ ነኝ" አለቻት። ጥፋቱን ከእኔ ወስዳ ራሷ ላይ ጫነችው።

ሦስታችንም በላን። ታንተ ሰህራ ከመሄዷ በፊት "እኔ አንድ ፎቅ ታች ነበርኩ፣ ሀያት። ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር" አለችኝና ወረደች።

ሰኞ መምህሬ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። ጽሑፉ ተሰረዘ፤ ኮርሱንም ደገምኩት። ጋዜጣው ይቅርታ አወጣ፤ ከማስታወቂያዎቹ ሥር፣ ሦስት መስመር። ሙሉ ገጹን ያነበበ ሰው ሦስቱን መስመር ማንበቡን እጠራጠራለሁ። ታንተ ሰህራ ግን ይቅርታውን ቆርጣ ባርነሃገው በር ላይ ለጠፈችው። ማሊንም ይቅርታ ጠየቅኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ ከዚያ ወዲያ ግን በምሳ ሰዓት ወደ እኛ ሱቅ አልመጣችም። ልጇ ትምጣ አትምጣ እስካሁን አላውቅም።

እናቴ ማክሰኞ ማክሰኞ ከታንተ ሰህራ ጋር መውጣት ጀመረች። ፈተናውን ግን ከዚያ በኋላም አላለፈችም። ስለ ጋዜጣው አንድም ቀን አላነሳችብኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከወር በኋላ ወደ ሐኪም ቤት እየሄድን በምድር ውስጥ ባቡር ጎን ለጎን ተቀምጠናል። መሃል ከተማ ስንደርስ ሦስት የኮሌጅ ጓደኞቼ ገቡና በሩቁ እጃቸውን አወዛወዙልኝ። እናቴ አየቻቸው። ቦርሳዋን ይዛ ተነሳችና ሄዳ ከበሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ብቻዋን ተቀመጠች። እንደማታውቀኝ ሆና በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች። ከመስኮቱ ውጭ ደግሞ ጥቁር የዋሻ ግድግዳ ብቻ ነው ያለው።

ተነስቼ አጠገቧ ሄድኩ፣ ክንዷን ያዝኩ፣ ጓደኞቼንም ጠርቼ "እናቴ ናት" ብዬ አስተዋወቅኳት። ይህን ታሪክ ለሰው ስናገር ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው የማቆመው። ደስ የሚል መጨረሻ ነው።

እውነቱ ግን ወዲያው አልተነሳሁም። ባቡሩ አንድ ሙሉ ጣቢያ ሄዷል። ያቺን አንድ ጣቢያ እናቴ ብቻዋን ተቀምጣ ነው የሄደችው፤ እኔም ከጀርባዋ ሆኜ እያየኋት ነበር።