ላላ ያለው ይጠጣል

እትዬ ጉሎ ስሟ ሌላ ነው። ከጉሎ ፍሬ ዘይት ማውጣት ስትጀምር እኛ ጎረቤቶቿ ያወጣንላት ቅጽል ግን የራሷን ስም አስረሳት። ያወቅኳት ትሠራበት ከነበረ ሆቴል ላውንደሪ በወጣች ሰሞን ነው። ፀጉሯን ልሠራላት ወንበሬ ላይ ስትቀመጥ እጇን ከፎጣው ሥር ትከታለች። ሻይ ሳቀብላት «አስቀምጪው» ትለኛለች። ሰላምታ ላይ የምትሰጠው ክርኗን ነው። ለዓመታት አንሶላ በበረኪና ስትዘፈዝፍ እጇ ተልጦ፣ ተሰነጣጥቆ፣ አንዳንዱ ቦታ ደም ይቋጥር ነበር። አይጋባም ቢባል ማን ሊሰማ! አውቶቡስ ላይ እሷ የጨበጠችውን ብረት በመሐረብ ጠርጎ የሚይዝ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። እንዲህ ያለውን ሰው እዚያው ባወርደው ደስ ባለኝ።

እጇን የመለሰላት በጓሮዋ የበቀለው ጉሎ ነው። በረኪናውን መተዋም ረድቷታል፤ እኔ ፀጉር ሠሪ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ጥሬው ፍሬ መርዝ ነውና ልጆች እንዳይደርሱበት ከፍ አድርጋ ታስቀምጠዋለች። ፈልፍላ፣ ለብ ለብ አድርጋ ቆልታ ትወቅጠዋለች። በውሃ ስትቀቅለው ዘይቱ ይሰፍፋል፤ እሱን በማንኪያ ቀድታ እንደገና ታሞቅና ውሃው ተኖ ሲያልቅ በጨርቅ ታጠልለዋለች። ጨርቁ ከሆቴሉ የተጣለ የትራስ ልብስ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ዓመት ያተረፈችው እሱን ብቻ ነው።

ማታ እጇን ትታጠብና እርጥበቱ ሳይደርቅ ጥቂት ጠብታ ታሽበታለች፤ ከዚያ በላዩ የጥጥ ካልሲ አጥልቃ ትተኛለች። ባሏ «እጇ ላይ ካልሲ የምታደርግ ሴት ያገባሁ እኔ ብቻ ነኝ» እያለ ይቀልድባት ነበር። ቀስ በቀስ ቁስሉ ደረቀ፣ ቆዳዋ ለሰለሰ። አንድ ቀን ሻዩን ከእጄ ተቀበለችኝ። ወደ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ከዚያ ለሰውም መሥራት ጀመረች። ጠርሙሶቹን በእኔ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩላት። ለተሰነጠቀ ተረከዝ፣ ለሻከረ ክርን፣ ለደረቀ ከንፈር ትሰጣለች። ፊቱ ወዛም የሆነውን ግን «ለአንተ አይሆንህም» ብላ ትመልሰዋለች። አዲስ ሰው ከመጣ መጀመሪያ ክንዱ ላይ ራሷ ጠብ አድርጋ፣ አሽታ፣ «እስኪ እስከ ነገ እንየው» ትላለች። ሰው መንካት ናፍቋት እንደኖረ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ጣጣው የመጣው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈው ጽሑፍ ነው። ባሏን «ማታ ቆዳ ላይ ይቀባል፣ ቆዳው ይጠጣዋል ብለህ ጻፍልኝ» አለችው። ሰውየው ሹፌር ነው፤ ከአፉ ቃል የሚወጣው ተለምኖ ነው፤ ወረቀቷም ጠባብ ነበረች። «ማታ ይቀባል። ይጠጣል።» ብሎ ገላገላት።

ከፀጉር ቤቴ ፊት ለፊት ያለው ጫማ ሠሪ ጣቶቹ በማስቲሽ ተሰነጣጥቀው ነበርና አንዱን ጠርሙስ ወሰደ። የተጻፈለትን የሚፈጽም ሰው ነው። ይቀባል ይላል፣ ተቀባ። ይጠጣል ይላል፣ በሻይ ብርጭቆ ግጥም አደረገው። ጉሎ ሆድ ገብቶ ምን እንደሚሠራ የማያውቅ ካለ እሱን ይጠይቅ። በማግስቱ እሱ ሽንት ቤት ሲመላለስ ሱቁ ተዘግቶ ዋለ። ሲከፍት ጉንጩ ጎድጉዷል፣ ምላሱ ግን እንዳለ ነው። «ልትጨርሰኝ ነበር!» እያለ ለመጣው ሁሉ ያወራል። ጫማው በሰው እጅ ያለ ደንበኛ ወዴት ይሄዳል? ቁጭ ብሎ ይሰማል።

ጠርሙሶቹ አንድ በአንድ ይመለሱልኝ ጀመር። አቅፈው ይስሟት የነበሩ ሴቶች ከሩቅ አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ያልፏት ጀመር። በሳምንቱ ስትመጣ እጇን በሻርፕ ጠቅልላለች። አሁን ከፎጣው ሥር ከገባ ያ እጅ ዳግመኛ አይወጣም አልኩ። ጠርሙስ አንስቼ፣ እሷን በክንዷ እየጎተትኩ መንገዱን ተሻገርኩ።

«ጠጣ ያለህ ማን ነው?» አልኩት ገና ከደጁ።

«ጠርሙሱ ነዋ! ይኸው፣ ይጠጣል» አለ፣ ጠ-ን ጥርሱን ነክሶ እያጠበቀ።

«ወይኔ ጉዴ!» አለች እትዬ ጉሎ። «እሱ እኮ ይላላል! ይጠጣል... ቆዳው!»

ሦስታችንም ወረቀቷን አየናት። ሲላላ ጠጪው ቆዳው ነው፤ ሲጠብቅ ጠጪው ጫማ ሠሪው ነው።

«በሉ እንግዲያው አይጠጣም ብላችሁ ጻፉበት» አለ ኩም ብሎ።

«አላልቶ ያነበበውስ? ቆዳ የማይጠጣው ዘይት ነው ብሎ ጥሎት ይሄዳላ!» አልኩት።

ጫማ ሠሪው ራሱን አከከ። «እኔ እግር ስለካ ምንም አልጽፍም፤ እሥላለሁ» አለና ካርቶን ዘርግቶ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደ። «እጅሽን አምጪ።»

እትዬ ጉሎ ሻርፗን ጠበቅ አደረገች። «የሷን ሣል» አለች ወደ እኔ እያየች።

«ዘይቱን የሠራው የሷ እጅ ነው እንዴ?»

ይሄኔ ሻርፑን ፈታች። እሱ እግር እንደሚለካው ሁሉ መዳፏን ካርቶኑ ላይ አስተኛ፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ እያላቀቀ፣ በሻካራ እጁ ጫን አድርጎ ይዞ እርሳሱን ዙሪያውን አዞረ። አውራ ጣቷ ጋ ሲደርስ ቆም አለ።

«በረኪና የበላው እጅ ይሄ ነው?»

«እሱው ነው።»

«ታዲያ የኔ ለምን እንዲህ አልሆነም?»

«አንተማ ጠጣኸው» አለችው።

በሳቅ ፈነዳ። ጫማውን ሊያሠራ ባዶ እግሩን የተቀመጠው ደንበኛም አብሮት ሳቀ። ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ጫማ ሠሪው የራሱን ሁለት እጆች ካርቶኑ ላይ ዘረጋላት፤ «በይ፣ አንቺው ቀቢኝ» አለ። ደንበኛው እያየ፣ መንገደኛው እያየ ቀባችው።

አሁን ጠርሙሱ ላይ ጽሑፍ የለም። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ያሳነሰው የእጅ ሥዕል ብቻ አለ። «የማን እጅ ነው?» የሚሏት አይጠፉም።

«የኔ» ትልና ትዘረጋላቸዋለች።