ባትሪዬ አልቋል ያልኩ ቀን

ባለፈው ሳምንት ከቱርሚ ወደ ጂንካ ስመለስ ስልኬ ስልሳ ሦስት ፐርሰንት ነበረው። ቱርሚ ላይ መብራት ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ከነበርነው ሰዎች ሁሉ የሚሠራ ስልክ የነበረው ማን እንደሆነ ገምቱ... እኔ ብቻ!

በባትሪ ነገር ቀልድ አላውቅም። የስክሪኑን ብርሃን ዓይኔ እስኪፈጥ ድረስ እቀንሰዋለሁ፣ ሎኬሽን አጠፋለሁ፣ ዳታ ካልቸገረኝ አልከፍትም። ለመስክ ሥራ ስወጣ ደግሞ ጭራሽ አጥፍቼው ኪሴ ውስጥ ይተኛል። ቢሮ ውስጥ «ስልክህን ለልጅ ልጅህ ልታወርሰው ነው እንዴ?» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ! የነሱ ከምሳ በፊት ይዘጋና ቻርጀር ፍለጋ እኔ ጠረጴዛ ሥር ይርመሰመሳሉ።

አጠገቤ የተቀመጠችው ጂንካ እናቷ ጋ ሆና የምትማር ልጅ ነበረች። ገና ከመነሳታችን ጠጋ ብላ...

«ጋሼ፣ ስልክዎ ይሠራል? እናቴ ትጨነቃለች፣ ዛሬ እንደምመጣ ልንገራት። አንድ ደቂቃ ብቻ።»

«ውይ እህቴ፣ ባትሪዬ አልቋል። ከትናንት ጀምሮ ዝግ ነው» አልኳትና ጥቁሩን ስክሪን አሳየኋት። ለአንድ ሰው ከሰጠሁ መኪናው ሙሉ ሊሰለፍብኝ ነው ብዬ ነው።

ጭራሽ አዘነችልኝ። «አይዞዎት ጋሼ፣ መንገድ ላይ ዲመካ ከተማ ስንደርስ ቻርጅ የምናደርግበት አይጠፋም» አለችኝ። እኔም አመስግኜ ስልኩን ኪሴ ከተትኩት።

ብዙም ሳንሄድ ሹፌሩ ቆመ። ሌላ ጊዜ አሸዋ ብቻ የሆነው ወንዝ ውሃ እያመጣ ነው። እኛ ያለንበት ጠብታ ዝናብ የለም፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። የዘነበው ላይ፣ ተራራው ላይ ነው። መጀመሪያ ቀጭን ነበር። ወርደን እያየን ሳለ ግን ግንድ የሚያገላብጥ ጎርፍ ሆነ። አንዳንዱ ይሳሳቃል፣ አንዳንዱ ጥላ ይፈልጋል።

ጋቢና ውስጥ የነበሩ አንድ የሐመር ሽማግሌ ወረዱ። ውሃውን አንዴ አዩትና ወደኛ ሮጡ። እጃቸው ላይ ባትሪ የጨረሰች ትንሽ ስልክ አለች። የኋላ ክዳኗን ፈልቅቀው ከውስጥ በእስክሪብቶ የተጻፈ ቁጥር ያሳዩናል።

«ስልክ! ስልክ ያለው ማነው? ወንድሜ ታች ነው። አሸዋ ውስጥ ነው፣ ከብት ያጠጣል። ውሃ አላየም!»

አገሩን ለማታውቁት... ወንዙ ሲደርቅ ከብት አርቢው አሸዋውን በጥልቀት ቆፍሮ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ነው ውሃ የሚቀዳው። እዚያ ውስጥ ያለ ሰው ከላይ ምን እንደሚመጣ አያይም። ሽማግሌው የፈለጉት «ውጣ» ለማለት ነው። አንድ ቃል!

ሁሉም ኪሱን ዳበሰ። ሹፌሩ የራሱን ስልክ ቢጫነው ቢጫነው እምቢ አለው። ልጅቷ ወደኔ ዞረችና በኀዘን «የጋሼም ከትናንት ጀምሮ አልቋል» አለች።

እኔም «አዎ» አልኩ።

በዚያች ሰዓት ባትሪው አልነበረም ያሳሰበኝ። እሷ ፊት፣ ያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ውሸታም መባል አሳፈረኝ። በቃ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሽንት ቤት የምሄድ መስዬ ከአንድ ግራር ጀርባ ገባሁና ስልኩን አበራሁት። እንደዚያ ቀን ዘግይቶ አያውቅም... ምልክቱ ይመጣል፣ ይጠፋል፣ ይመጣል። ከዚያ የሚስጥር ቁጥር አስገባ ይለኛል። ስቸኩል ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። ከዚያ ኔትወርክ ፍለጋ። ኔትወርኩ ሲመጣ ነው ትዝ ያለኝ... ቁጥሩ የለኝም! ቁጥሩ ያለው ሽማግሌው እጅ ላይ ነው።

ሮጬ ተመለስኩ።

«አባባ፣ ትንሽ ቀርታው ኖሮ ተከፈተልኝ። ቁጥሩን ያሳዩኝ!»

አሁንም ዋሸሁ። ልጅቷ አንገቷን ዘርግታ ስክሪኑን አየችው። ፐርሰንቱንም አየችው።

ደወልኩ። ጠራ። ጠራ... አልተነሳም። ሽማግሌው እጄን ጨምድደው ይዘው «ድገም፣ ድገም!» አሉኝ። ሁለተኛ ስደውል ያቺ የተቀዳችው ሴትዮ መጣች። ስልኩ ጥሪ እንደማይቀበል በተረጋጋ ድምፅ ነገረችን። ሽማግሌው እስክትጨርስ አልጠበቁም። ወንዙን ይዘው ቁልቁል ሮጡ፣ ሁለት ጎረምሶችም ተከተሏቸው። እኔ ስልኬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

ውሃው ጎድሎ እስክንሻገር ብዙ ቆየን። ሽማግሌው አልተመለሱም። ልጅቷ ከእኔ አጠገብ ተነስታ ኋላ ወንበር ሄደች።

ትናንት ጂንካ መናኸሪያ ሹፌሩን አገኘሁት። ወንድማቸውን በማግስቱ አግኝተው ቀብረውታል። ከብቶቹ ተርፈዋል። ሹፌሩ ሲያወራ እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር... መጀመሪያ ስደውል ስልኩ ጠርቷል። ገና ደረቅ ነበር ማለት ነው። ጎርፉ የደረሰው በሁለቱ ጥሪ መካከል ነው። ከግራሩ ጀርባ ያጠፋሁትን ጊዜ ማንም አያውቅም፣ እኔ ግን አውቀዋለሁ።

ልሰናበተው ስል ሹፌሩ ትከሻዬን ያዘኝ።

«ለካ ረስቼው! ሽማግሌው አንተን ካገኘሁህ እንዳመሰግንህ አደራ ብለውኛል። ‹የቀረችውን ባትሪ ለእኔ ጨረሳት፣ ጥሩ ሰው ነው› ብለዋል።»

ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።